ለ124 ስፓይደር ሞተር ፍለጋ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም

የፊያት ስፓይደሬ ሞተር ወርዷል። በፓራንኮ አንጠልጥለን አሮጌ ጎማ ላይ ስናሳርፈው ጉዳቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ብሎኩ ጎን ላይ፣ ከኮፓው (ከታችኛው የዘይት መያዣ) ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የ3ኛው ሲሊንደር ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ተበጥሶ የወጣበት ነው። ኮፓውን ስንፈታ የቢየላው ግማሽ፣ የፒስተን ቁራጭና የብሮንዚና (ቢየላው የሚዞርበት ስስ ብረት) ስብርባሪ ከጠቆረ ዘይት ጋር ተደባልቆ ወረደ። ከብሮንዚናው አንዱን ቁራጭ ጠርጌ አየሁት፤ እንደ ወረቀት ሳስቶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ዘይት ያጣ ብሮንዚና እንዲህ ነው የሚሆነው።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ከአዳማ ስመለስ ፈጣን መንገዱ ላይ የዘይት ግፊት መርፌው ሲወርድ አይቻለሁ። ዱከም ልድረስና አየዋለሁ አልኩ። መርፌው ሲወርድ ወዲያው ዳር ይዞ ቁልፍ ማጥፋት ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ መጀመሪያ ማንኳኳት፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ድምፅ፣ ከዚያ ከኋላዬ ጭስ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጣሊያን መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። የቀዳዳውን ዙሪያ በጣታቸው ዳሰሱትና "ይሄ ብሎክ አበቃለት ልጄ። ብየዳ የሚባል ነገር እንዳታስብ" አሉኝ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን በዓይን ደህና ይመስላል። ካምቢዮው፣ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑም ደህና ናቸው። የሚፈለገው ሞተር ነው።

ጥቅምት 9

ለማያውቃት፦ መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት፣ የመጀመሪያው ዓይነት። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1966 በቶሪኖ የመኪና ትርዒት የታየች፣ ቶም ትያርዳ የተባለ አሜሪካዊ በፒኒንፋሪና ቤት የነደፋት። ሞተሯን የሠራው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ቀድሞ ለፌራሪ ይሠራ የነበረው። 1438 ሲሲ፣ ቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮላዎቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)፣ እነሱን የሚያዞር ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጊያ። በዚያን ዘመን አብዛኛው ሰንሰለት ነበር የሚጠቀመው። 90 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን። ክብደቷ 950 ኪሎ ገደማ ነው፣ ደስታዋም ያለው እዚያ ላይ ነው። ኩርባ ላይ መሪው ሲነካ አፍንጫዋ ወዲያው ይታዘዛል።

ማክሰኞ ማታ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን የምንፈልገውን ተነጋገርን። መጀመሪያ ወደ ጉልበት ነበር ያደላሁት። ምክንያትም አለኝ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የምንስበው አየር ጥግግቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቶሪኖ ላይ 90 የተባለው ጉልበት እዚህ ወደ 68 ይወርዳል። እንጦጦን ስወጣ ሁልጊዜ ይሰማኛል። ስለዚህ 1800 ወይም 2000 ሲሲ ቢገባላት የጠፋውን ይመልሳል ብዬ አሰብኩ።

ጋሼ ሰምተውኝ ሲያበቁ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። አፍንጫዋ ላይ ስንት ኪሎ ትጨምራለህ? ኮፈኑ ይዘጋልሃል? ፖምፓው ሲበላሽ የት ታገኛለህ? የመጨረሻውን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እውነታቸውን ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ አሁን ያለው መለዋወጫ እየሳሳ እንጂ እየበዛ አይሄድም።

አራተኛውን እኔ ጨመርኩ፦ ሊብሬ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሕጋዊ ማስረጃ የሌለው ሞተር ከገባ መኪናዋ ቦሎ ሳታገኝ ጋራዥ ውስጥ ትቀራለች።

ጥቅምት 13

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በእግሬ ዞርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሜትር፣ የሞተሩ ቦታ በካርቶን የተቆረጠ ልክ፣ የካምፓናው (ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቅርፊት) ቀዳዳዎች በወረቀት የተነሱበት ምልክት።

የመጀመሪያው ሐሳብ የቶዮታ ዲኤክስ ሞተር ነው። 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ በቁመት የሚቀመጥ፣ ከነካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚነዳ። እዚህ አገር የማይሠራው መካኒክ የለም፣ ዕቃውም አለ። ግን ጉልበቱ 60 አካባቢ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ 45። ያንን ለስፓይደር መስጠት አልቻልኩም። 5ኬ ቢሆን፣ ከላይትኤስ የሚወጣው 1486 ሲሲ፣ ትንሽ ይሻላል። ቫልቮላውን የሚከፍተው ግን ያው ከታች የሚገፋ ዘንግ ነው፣ ወደ ላይ መዞር አይወድም። የእኛ መኪና ሙዚቃዋ ከ4,000 ዙር በላይ ነው።

ቀጥሎ 4ኤ፣ ከኮሮላ የሚወጣው፣ 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቮላ። ሻጩ "ወንድሜ ይሄን ግባበት፣ ትበራለህ" አለኝ። በጉልበት ልክ ነው። ችግሩ እኛ አገር በብዛት የሚገኘው ጎን ለጎን የሚተኛው፣ የፊት ጎማ የሚነዳው መሆኑ ነው። በቁመት ስታቆመው የውሃ መውጫው ከኋላው ካለው ላሜራ ጋር ይጋጫል። ከኋላ የሚነዳውን ካምቢዮና ካምፓና ደግሞ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ሞተርና ካምቢዮ የሚያገናኝ አስማሚ ሰሌዳ በቶርኖ ይሠራል፣ ግን የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ)ና የካምቢዮው ዘንግ መሐል ለመሐል ካልተገናኙ በአንድ ዓመት ውስጥ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላል። እንዲህ የሆነ ሰው አውቃለሁ።

ቪታራ ላይ ያለው የሱዙኪ 1590 ሲሲ ብሎኩም አሉሚኒየም ነው። አፍንጫ ለማቅለል ከእሱ የተሻለ አላየሁም፣ ልቤ ደንግጦለት ነበር። ግን ካምቢዮው ከባለ 4 ጎማው ማከፋፈያ ጋር አንድ አካል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በእኛ መኪና ወለል ላይ ባለው የካምቢዮ ዋሻ ውስጥ አይገባም።

ጥቅምት 14

ኤሌክትሪክ ለምን አታደርገውም ያሉኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከተማው በቢዋይዲና በአይዲ 4 እየተሞላ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢሾፍቱ ደርሶ የሚመለስ ባትሪ ብቻውን ከባድ ነው። 950 ኪሎ መኪና ላይ ያ ሌላ መኪና ነው። አልፌዋለሁ።

ጥቅምት 20

ላዳ። ይሄን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለሳምንት ያህል ያሸነፈ መስሎኝ ነበር።

ላዳና 124 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፊያት በፈረንጆቹ 1966 ከሶቭየት ኅብረት ጋር ተስማምቶ ቶሊያቲ ላይ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ወጡ። መሠረቱ 124 ሰዳን ነው። ሶቭየቶቹ ላሜራውን አወፈሩት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በታምቡር ቀየሩት፣ ሞተሩን ደግሞ ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ አውጥተው በሰንሰለት የሚዞር አደረጉት። እዚህ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ለስንት ዓመት ታክሲ ሆኖ እንደሠራ ማንም ያውቃል። አሁን እየተነሳ ስለሆነ ሞተሩ ርካሽ ነው፣ ሊብሬውም አብሮ ይገኛል።

ጋሼ ከጓደኛቸው ጋራዥ 1452 ሲሲውን ከነካምቢዮው አስመጡልኝ። 76 በ80 ነው፣ ማለትም ቀዳዳው ጠባብ፣ የፒስተኑ ምልልስ ረጅም። ከታች ጀምሮ ይጎትታል፣ ለታክሲ የተፈጠረ ነው። የስፓይደሯ 80 በ71.5 ነው፤ ተቃራኒው። ፒስተኑ አጭር መንገድ ስለሚሄድ እየሳቀ 6,000 ዙር ይደርሳል። ላዳው 75 የፈረስ ጉልበት አካባቢ፣ እሷ 90፣ ግን ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ አይደለም። ጋሼ አንድ ላዳ አስነስተው ኮፈኑን ከፍተው ጋዝ ሰጡት። ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ የሚያስተማምን ድምፅ ነው። ሰምቼ ስጨርስ ግን ስፓይደሯ ውስጥ ላስበው አልቻልኩም። ስለ ላዳ ክፉ መናገር አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ያኖረ ሞተር ነው። "አልወደድከውም አይደል?" አሉኝ ጋሼ። አልወደድኩትም።

ኅዳር 2

ካዛንቺስ ላይ በልማቱ ምክንያት ከሚነሳ ጋራዥ የፊያት 132 ሞተር ተገኘ። 1592 ሲሲ፣ ያው የላምፕሬዲ ባለ ሁለት ካምሻፍት፣ 98 የፈረስ ጉልበት። የጋራዡ ባለቤት እትዬ ከትዳር ጓደኛቸው የቀረውን ዕቃ ቶሎ ማንሳት ነበረባቸው። መያዣ አስይዤ ብሎኩንና ቴስታታውን ለሦስት ቀን ወሰድኩ። የካምፓናውን ወረቀት ስለጥፍበት ቀዳዳዎቹ ገጠሙ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 3

የሊጥ ፈተና፦ በሞተሩና በኮፈኑ መሐል ስንት ክፍተት እንደሚቀር ለማየት።

ባለ 1592ቱ የፒስተን ምልልስ 79.2 ሚሊ ነው፣ የእኛ 71.5። ረጅም ምልልስ ረጅም ብሎክ ይፈልጋል። ፊያት ራሱ 1608ቱን ስፓይደር ላይ ሲጭን ኮፈኑ ላይ ሁለት ጉብታ ያወጣው ለዚሁ ነው። የእኔ ኮፈን ግን ጠፍጣፋ ነው። መኪናዋን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የወደድኩትም ያንን ነው፤ ከመስታወቱ እስከ መብራቶቹ ድረስ እንደ ተረጋጋ ውሃ የሚሄድ።

ሞተሩን በአሮጌዎቹ ሱፖርቶዎች ላይ አስቀመጥነው። ከቤት ያመጣሁትን የዳቦ ሊጥ እያድቦለቦልኩ በቀጭን ፌስታል ጠቅልዬ በሁለቱ የካምሻፍት ክዳኖች ላይ፣ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ አደረግሁ። ስድስት ድቡልቡል። የጋራዡ ልጅ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ ተጭኖ ቆለፈው፣ ከፈተው።

ከኋላ ያሉት ደህና ናቸው፣ 15 ሚሊ ቀርቷቸዋል። መሐል 9። ከፊት በማርሚታው በኩል ያለው ግን እንደ ቂጣ ተነጥፏል፣ የጣቴ አሻራ የነበረበት ቦታ የኮፈኑ ጠርዝ መስመር ታትሞበታል። በካሊብሮ ለካሁት፤ 3 ሚሊ። ሞተር ደግሞ በጎማ ሱፖርቶ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፣ ጋዝ ሲሰጠው ይንገዳገዳል። ቢያንስ 12 ሚሊ ካልኖረ ኮፈኑን ከታች ይደበድበዋል። አየር ማጣሪያውንማ ገና አላስቀመጥነውም።

ሱፖርቶውን በ1 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ይቻላል። ጋሼ መሬት ተኝተው በኮፓውና በመስቀለኛው ብረት መሐል እጃቸውን አስገቡ። አንድ ጣት ገባ፣ ሁለተኛው አልገባም። ሞተሩን ባወረድን ቁጥር ኮፓው ወደ መስቀለኛው ብረትና ወደ መንገዱ ይቀርባል፤ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ።

"ኮፈኑን ትቆርጠዋለህ?" አሉኝ።

አልቆርጥም አልኩ።

ኅዳር 5

የ132ቱ ነገር በሌላም በኩል ተዘጋ። እትዬ ሊብሬውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አልተገኘም፤ መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፣ ሞተሩ ብቻ ነው የቀረው። ሞተሩን መለስኩላቸው። መያዣዬን ቆጥረው ሰጡኝ፣ ቡናም አፈሉልኝ።

ኅዳር 21

አዳማ። በአንድ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ ፊያት 124 አለ ተብዬ ነው የሄድኩት፣ ሰዳን። እንዲህ ዓይነት መኪና ብዙ ጊዜ ሞተሩ በዘንግ የሚገፋው 1197 ሲሲ ነው፣ ስለዚህ ተስፋ አላደረግሁም። ኮፈኑን ስከፍተው ግን ሁለት የካምሻፍት ክዳን፣ በመሐላቸው ካንዴላዎቹ። ስፔሻል ቲ ነው! ፊያት ሰዳኑ ላይ የስፓይደሯን 1438 ዝቅ አድርጎ፣ በ80 የፈረስ ጉልበት ያስቀመጠበት።

ያው ብሎክ፣ ያው ቁመት፣ ያው ሱፖርቶ።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ መኪናውን በስማቸው የያዙ፣ ሊብሬው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥናቸው ውስጥ የተቀመጠ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፈሰስኩና ከሰዓት እስኪደርስ ተውኩት። ከዚያ በቁልፍ ኮሎውን ያዝኩ። መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ቀጥሎ በቀስታ፣ ያለ ምንም መፋጨት ዞረ። ባትሪ ሰጥተን ኮምፕሬሲዮን ለካሁ፦ 7፣ 7፣ 6.5፣ 7። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሞተሩ ሞቷል ሊል ይችላል። ግን መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር ራሱ 9 ቢያሳይ ነው፣ አዳማ ላይ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ ይሄ ያረጀ እንጂ የተሰበረ አይደለም። ከአራቱ ማንም ተለይቶ አለመውደቁ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው።

ለጋሼ ደወልኩ። "ዋጋ አትከራከር" ብለው ዘጉት።

ታኅሣሥ 8

ሬቲፊካ (ሲሊንደርና ኮሎ የሚላጥበት ቤት)። ሲሊንደሮቹ ተለኩ፣ ከ80 ሚሊ ወደ 80.2 ተበልተው ከላይ ትንሽ ሞላላ ሆነዋል። ፊያት ከዋናው ልክ የሚበልጥ ፒስተን በ0.2፣ በ0.4 እና በ0.6 ነው የሠራው። 0.4 መረጥን፤ አንድ ደረጃ ለወደፊት ይቀራል። ኮሎው 0.25 ተላጠ።

ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተን ቀለበቱን)፣ ብሮንዚናውን፣ ጓርኒሲዮኑንና ቺንጊያውን እህቴ ከቨርጂኒያ ላከችልኝ፣ በሰው ሻንጣ። ከተሠሩት 200,000 ገደማ ስፓይደሮች አብዛኞቹ አሜሪካ ስለሄዱ ዕቃው እዚያ ዛሬም በአዲስ ይሸጣል። ይህንን መጀመሪያ አስቤው ቢሆን ኖሮ የመለዋወጫው ጥያቄ ሶማሌ ተራ ብቻ አያስዞረኝም ነበር።

ታኅሣሥ 19

ቴስታታው ከስፓይደሯ ነው፣ ካምሻፍቶቹና ዌበር ካርቡራተሩም። ስለዚህ የሰዳኑ 80 አያሳስበንም። 3ኛው ሲሊንደር ላይ ሁለቱም ቫልቮላዎች ጎብጠው ነበር፣ ተቀየሩ። ቴስታታውን የላጥነው ለማቅናት ብቻ ነው። ብዙ ልጠን ኮምፕሬሲዮን እንጨምር፣ እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚኑ ይችለዋል ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን ቫልቮላውንና ፒስተኑን ማቀራረብ አልፈለጉም።

የቫልቮላ ክፍተት ማስተካከል የላምፕሬዲ ብልሃት የሚታይበት ሥራ ነው። በካምሻፍቱና በኩባያው መሐል እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ብረት አለ፣ ክፍተቱ የሚስተካከለው የእሱን ውፍረት በመቀየር ነው። ካምሻፍቱን መፍታት አያስፈልግም፤ ኩባያውን በመሣሪያ ተጭነህ ሳንቲሙን በቀጭን ዊንጣ ታወጣዋለህ። ስምንት ሳንቲም አውጥቼ፣ ለክቼ፣ ውፍረታቸውን ካርቶን ላይ ጽፌ፣ እርስ በርስ ሳቀያይር አምስቱ ቦታ ቦታቸውን አገኙ። ሦስቱን ቶርኖ ቤት አስላጥን።

ቺንጊያውን ጋሼ ራሳቸው ገጠሙ። ምልክቶቹን አገጣጠሙ፣ ኮሎውን ሁለት ዙር በእጅ አዞሩ፣ እንደገና አዩ፣ እንደገና ሁለት ዙር። ልጁን ጠርተው አሳዩት። ከዚያ እኔን።

ጥር 3

ገባ። ሱፖርቶዎቹ ያለ ምንም ግፊያ ተቀመጡ፣ የካምቢዮው ዘንግ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ከልምድ ሊጥ ይዤ መጥቼ ነበር፤ በማርሚታው በኩል ከፊት 14 ሚሊ።

ጥር 5

ካንዴላዎቹን ፈትተን በሞቶሪኖ ብቻ አዞርነው፣ የዘይት ግፊት መርፌው እስኪነሳ። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ተነሳ። ካንዴላ መለስን፣ ቁልፍ አዞርኩ፣ በሦስተኛው ያዘ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፣ እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

የዌበሩን ዋና ጂግለር አንድ ቁጥር አሳነስነው። ለቶሪኖ የተለካው እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሳል።

ጥር 24

የሞተር ለውጡ ተመዝግቦ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ገብቷል። የሽማግሌው ሊብሬ ባይኖር ይህ ቀን አይመጣም ነበር።

የካቲት 9

480 ኪሎ ሜትር። እስካሁን ከ3,500 ዙር አላሳለፍኩትም። ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ድረስ ወጣሁ፣ በ3ኛ ማርሽ፣ ሳልቸኩል። የዘይት ግፊቱ ሲሞቅም አልወረደም። ከኋላ በኩል፣ ኮፓውና ካምፓናው የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ የዘይት ላብ አለ። ቅዳሜ ዘይት ስንቀይር የኮፓውን ቡሎኖች እናጠብቃለን።